በሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ጠጠር አለ

(በአዲስ አበባ በአንድ ሰፈር እድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም ካደረጉት ንግግር የተጻፈ)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፤

አሁን ፊታችሁ ቆሜ ስናገር በሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ጠጠር አለ። አንድ ነው፤ 11 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ከደረቅ የሽምብራ ፍሬ ትንሽ ይበልጣል። የተገኘው ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ሁለተኛ ልጄን ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው። ፅንሱን ለማየት አልትራሳውንድ ያነሣችኝ ባልደረባዬ መሣሪያውን ወደ ቀኝ ጎኔ ከፍ አድርጋ ትንሽ ዝም አለችና “ይህን ታውቂዋለሽ?” አለችኝ። አላውቀውም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አላመመኝም፤ አላስወጣሁትም፤ ይውጣልኝ ብዬም ማንንም አልጠየቅኩም።

እናቴ ግን ከእንዲህ ያለው ጠጠር የተረፈችው ለጥቂት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያማት፣ ሐኪም የሆንኩት ልጇ “ጨጓራ ነው እማዬ” እያልኩ የጨጓራ መድኃኒት ስሰጣት ኖርኩ።

የእድራችን ሊቀመንበር ስለ ሐሞት ጠጠር እንድናገር የጠየቁኝ ባለፉት ሁለት ወራት ሦስት የሰፈራችን ሰዎች የአልትራሳውንድ ወረቀት ይዘው ቤቴ ድረስ ስለመጡ ነው። ሁለቱ ምንም አያማቸውም፤ ለሌላ ጉዳይ ሊመረመሩ ሄደው ነው የተገኘባቸው። እንቅልፍ አጥተው ነበር። ሦስተኛዋ በየወሩ ሌሊት እየተነሣች ግድግዳ ተደግፋ ታቃስታለች። እርሷም የፈራችው ሕመሙን አልነበረም፤ ሕመሙን ለምዳዋለች። የፈራችው ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን “ጠጠር” የሚል ቃል ነው። ዝም ያለውን ጠጠር እንፈራለን፣ የሚጮኸውን እንታገሠዋለን። ዛሬ እንዲቃናልኝ የምፈልገው ይህ ነው።

ለዓመት በዓል በግ ሲታረድ ያያችሁ ሁሉ ሐሞትን ታውቋታላችሁ። ከጉበቱ ሥር የተለጠፈች አረንጓዴ ከረጢት ናት። የሚያወጣው ሰው እጁን ቀስ አድርጎ፣ ልጆቹን ዞር በሉ ብሎ ነው የሚለያት፤ ከፈነዳች ጉበቱ መረረ ማለት ነው። የእኛም በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንታችን ጠርዝ ሥር ጉበታችን ላይ ተለጥፋ ትኖራለች። ርዝመቷ ከ7 እስከ 10 ሳንቲሜትር ነው፤ የምትይዘው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር፣ የቡና ስኒ የማይሞላ ፈሳሽ ነው። ሐሞቱን የሚሠራው ግን ጉበት ነው፤ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ድረስ። ከረጢቷ ታጠራቅመዋለች፤ ውኃውን እየመጠጠች ታወፍረዋለች። ቅቤ ያለበት ምግብ ከጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ አንጀት በደም በኩል መልእክት ይልካል፤ ያን ጊዜ ከረጢቷ ትጨመቃለች፤ ሐሞቱም በቀጭን ቱቦ ወርዶ ቅባቱን ይበታትናል።

ጠጠር የሚፈጠረው በሐሞቱ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ሊሟሟ ከሚችለው በላይ ሲሆን፣ ወይም ከረጢቷ በደንብ ሳትጨመቅ ስትቆይ ነው። ከጤፍ ጋር የተዋጠ አሸዋ አይደለም፤ ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። እርግዝና ሁለቱንም ያመጣል፤ ሴቶች ላይ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዕድሜ፣ ውፍረት፣ የስኳር በሽታና በቤተሰብ መኖሩም ይጨምሩታል። በፍጥነት መክሳትም እንዲሁ። ለሠርግ ብላችሁ ምግብ አቁማችሁ በአንድ ወር አሥር ኪሎ ለመቀነስ የምትሞክሩ ወጣቶች ካላችሁ ይህችን ቃል ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰውነት ስቡን በጥድፊያ ሲያቀልጥ ጉበት ብዙ ኮሌስትሮል ወደ ሐሞት ይለቃል፤ ባዶ የዋለች ከረጢት ደግሞ አትጨመቅም።

አሁን ወደ ዝምተኛው ጠጠር ልመለስ። የሐሞት ጠጠር ካለባቸው ሰዎች ከ100ው 80 ያህሉ ምንም አይሰማቸውም። በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በምርመራ ጠጠር የተገኘባቸውን፣ ግን የማያማቸውን 123 የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከታትለዋቸው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ታተመ። በ20 ዓመት ውስጥ ሕመም የጀመራቸው 18 ከመቶ ናቸው። በሐሞት ጠጠር የሞተ አንድም ሰው አልነበረም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከባድ ችግር የደረሰባቸው ጥቂት ሰዎች ሁሉም አስቀድሞ የሕመም ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው ነበር። ጠጠሩ ከመምታቱ በፊት ተናግሯል ማለት ነው።

እኔም የእኔን ጠጠር ይዤ በሰላም የምተኛው በዚህ ምክንያት ነው። ሕመም የሌለውን ጠጠር ለማውጣት ሰመመን ወስዶ ሆድን ማስከፈት ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ መነሣትም አያስፈልግም። አንዳንዶቻችሁ ገንዘባችሁን በዚህ ትጨርሳላችሁ፤ ጠጠሩ ከ9 ወደ 10 ሚሊሜትር ማደጉ ብቻውን የሚለውጠው ነገር የለም።

ከዚህ የሚወጡ ጥቂት ሁኔታዎች አሉ። ከ3 ሳንቲሜትር የሚበልጥ ጠጠር ከሆነ፣ የከረጢቷ ግድግዳ እንደ ሸክላ ደርቆ ከታየ፣ ወይም ወረቀቱ ላይ 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፖሊፕ (ከከረጢቷ ግድግዳ ወደ ውስጥ የበቀለ ሥጋ) የሚል ከተጻፈ ባያማችሁም ቀዶ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ እነዚህ ከካንሰር ጋር ስለሚያያዙ ነው። ከ10 ሚሊሜትር በታች የሆነ ፖሊፕ ለአብዛኛው ሰው ክትትል ወይም ጭራሽ ምንም አያስፈልገውም፤ እርሱንም ሐኪማችሁ ዕድሜያችሁን አይቶ ይወስናል።

አሁን የተናገረው ጠጠር። የእናቴን ታሪክ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ሕመም የመጣው በፋሲካ ሌሊት ነው። 55 ቀን ጾማ፣ ከቅዳሴ ተመልሳ በዶሮ ወጥ ፈሰከች። ሊነጋጋ ሲል ከደረቷ በታች መሐሉ ላይ ያዛት። ወደ ቀኝ ጎኗ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ትከሻዋ ሥር ሄደ። ላብ በላብ ሆነች፤ አስመለሳት። ጎንበስ ብትል፣ ብትተኛ፣ ብትቆም አልለቃት አለ። ከሦስት ሰዓት በኋላ እንደመጣው ሄደ። “ከጾም በኋላ ቅቤ ከብዷት ነው” አልን። ቃሉስ ትክክል ነበር፤ ቅቤው ነው። የቀጠልነው ሐሳብ ግን የተሳሳተ ነበር። ተልባ ጠጣች፤ እኔም ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት አዘዝኩላት። ደግሞ በአንድ ሠርግ ክትፎ በላችና በዚያው ሌሊት ያዛት። መስቀል ላይ እንደገና። በየመሐሉ ወራት ደህና ስለምትሆን መድኃኒቱ የሠራ መሰለኝ። የማላውቀውን በሽተኛ እንደዚህ ባየው ኖሮ በአንድ ቀን አልትራሳውንድ እልከው ነበር። ለእናቴ ያልላክሁት ስለምወዳት ነው፤ ከባድ ነገር እንዲሆን ስላልፈለግኩ ነው።

የዚህን ሕመም ጠባይ ለዩት። እንደ ጨጓራ በየቀኑ አይነጫነጭም። ቀን ቆርጦ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ቅባት ከተበላ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት። አንዴ ከጀመረ ያለማቋረጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ሰዓት ይቆያል። ጋዝ ስትለቁ ወይም ሽንት ቤት ስትገቡ አይሻልም። ከዚያ ይለቅቃችኋል፤ ለሳምንታት ወይም ለወራት ምንም የነካችሁ አትመስሉም። የሚያዘናጋው ይህ መልቀቁ ነው። ሆድ መንፋት፣ ቃር፣ ማግሳት ብቻ ከሆነ ግን ጠጠር ቢኖርባችሁም ምክንያቱ ጠጠሩ ላይሆን ይችላል። ከረጢታቸውን አስወጥተው ቃሩ እንደነበረ የቆየባቸውን ሰዎች አይቻለሁ። ዕድሜያችሁ የገፋ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ ደግሞ ከእምብርት በላይ የሚጨብጥ ሕመም ከላብ ጋር ሲመጣ ልብም ሊሆን ስለሚችል ቤት አትቆዩ።

በሦስተኛው ዓመት ከጥምቀት በኋላ እኔ ለሥራ ወደ ክልል ወጥቼ ሳለሁ ያዛት። በዚያ ጊዜ አለቀቃትም። ሌሊቱን ሙሉ አመማት፤ በነጋታው ሁለት ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጥ ጀመር። የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቷ እንደ ድፍድፍ ጠቆረ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ “የወፍ በሽታ ነው” ተባለ። ቀጥሎ የተባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ “የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም፤ ሆስፒታል ወስዳችሁ እንዳታስወጓት።” የወፍ መድኃኒት የሚሰጡ ሰው ተጠሩ፤ ቅጠል ጨምቀው አጠጧት። ሁለት ቀን ሄደ። እኔ ደርሼ ሳያት በሟች እኅቷ ስም ጠራችኝ።

የሆነው ይህ ነው። ከከረጢቷ የወጣ ጠጠር ዋናው የሐሞት ቱቦ ላይ ተሰንቅሮ ዘጋው። ሐሞቱ መውረጃ አጥቶ ወደ ደም ተመለሰ፤ ዓይን ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። የቆመ ሐሞት ተበከለ፤ ብክለቱ ወደ ደም ገባ፤ ብርድ ብርድ የሚለው ለዚህ ነው። ሕመም፣ ትኩሳትና የዓይን ቢጫነት አንድ ላይ ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1877 ጽፎታል፤ ዛሬም ተማሪዎች በስሙ ነው የሚማሩት። እንዲህ ያለ ሰው የሚድነው በደም ሥር በሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያና ቱቦውን በመክፈት ነው። ማለትም ጎረቤቶቻችን የከለከሉት መርፌ ነበር መድኃኒቷ። በአፍ በሚገባ መመልከቻ ቱቦ ተከፍቶላት መግል ወጣ። ይህ ሕክምና በአገራችን የሚገኘው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ በመኖራችን ነው የተረፈችው። ከሳምንታት በኋላ ከረጢቷ ወጣ፤ 14 ጠጠር ነበረበት።

የመከሯትን ሰዎች አልወቅስም፤ እነርሱ ቢያንስ አጠገቧ ነበሩ። ግን እለምናችኋለሁ፣ ቢጫ ዓይን የበሽታ ስም አይደለም፤ ምልክት ነው። ከጉበት ቫይረስ ሊመጣ ይችላል፤ ከተዘጋ ቱቦ ሊመጣ ይችላል፤ ሳያም ዓይን ቢጫ ሆኖ ሰውነት ከከሳም ከቆሽት ዕጢ ሊመጣ ይችላል። በአገራችን ወስፋት እንኳ ወደ ሐሞት ቱቦ ገብቶ ይዘጋዋል። በዓይን ብቻ አይቶ የሚለየው ሰው የለም። ጠበል ለሚጠጡ ወገኖቼም የምለው ይህን ነው፤ ጠበሉን ጠጡ፣ ግን ወደ ሆስፒታል እየሄዳችሁ ጠጡ።

ስለዚህ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን የምትነሡት ሕመሙ ከስድስት ሰዓት በላይ ካልለቀቀ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ጠቁሮ ሰገራ ከነጣ፣ ወይም ሕመሙ ወደ ጀርባ ወግቶ ማስመለስ አላቆም ካለ ነው። የመጨረሻው የቆሽት መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ ጠጠር ናት ብዙ ጊዜ የምታመጣው። ትልቁ በቀላሉ አይወርድም፤ ትንሿ ናት ሾልካ የምትወርደው። “ትንሽ ነው ተብያለሁ” ብሎ መጽናናት የማይሠራው ለዚህ ነው።

ከነዚህ አደጋዎች አንዱም ሳይደርስ፣ እንደ እናቴ የመጀመሪያ ዓመታት አልፎ አልፎ ብቻ የሚያምስ? እዚህ ላይ ሐኪሞችም አንድ ቃል አይደለንም። ለብዙ ዘመን መልሱ “ካመመ ይውጣ” ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት 434 እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን ለቀዶ ሕክምና መድቦ፣ ግማሹን በማስታገሻና በክትትል አቆይቷቸው ነበር። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ በሕመም መጠን ልዩነት አልታየም። እንዲጠብቁ ከተመደቡት ውስጥ በዚያ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሩብ ያህሉ ናቸው። አንድ ጊዜ አምሟችሁ ከዚያ ከለቀቃችሁ ጊዜ አላችሁ ማለት ነው፤ ልትመክሩበት ትችላላችሁ።

ግን ያ ጥናት የተደረገው አምቡላንስ በሚመጣበት አገር ነው። እኔ ምክር ስሰጥ መንገዱን እጠይቃለሁ። የሚያማት ሴት አዲስ አበባ የምትኖር ከሆነ መጠበቅ ትችል ይሆናል። ከቀዶ ሕክምና ክፍል የአንድ ቀን መንገድ ርቃ የምታስተምር መምህርት ከሆነች፣ ወይም ለሁለት ዓመት ውል ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ቲኬት የቆረጠች ልጅ ከሆነች፣ የሚናገር ጠጠር ይዛ እንድትሄድ አልፈልግም። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ፓስፖርቷ በአሠሪ እጅ እያለ ሌሊት ሲይዛት ማን ያደርሳታል? ለማርገዝ ያሰበችም ካመማት አስቀድማ ብትገላገለው ይሻላታል። ሕመሙ እየደጋገመ የመጣበት ሰው የትም ይኑር የት ማውጣቱ ይመረጣል፤ አንዴ ከረጢቷ የተቆጣችበት ወይም ጠጠር ቱቦ ውስጥ የገባበት ሰው ላይ ደግሞ ብዙም የሚያከራክር ነገር የለም።

ስለ ቤት መድኃኒት አጭር ልሁን። የወይራ ዘይትና ሎሚ ጠጥቶ በማግስቱ የሚወጣው አረንጓዴ እብጥብጥ ጠጠር አይደለም፤ ላቦራቶሪ ተመርምሮ ዘይቱ ራሱ ሆድ ውስጥ የሠራው ሳሙና መሰል ነገር ሆኖ ተገኝቷል። ብዙ ውኃና ቢራ መጠጣት ለኩላሊት ጠጠር የሚባል ወሬ ነው፤ ሐሞት ከሽንት ጋር መንገድ የለውም። ጠጠር የሚያሟሟ እንክብል አለ፤ ለትናንሽ የኮሌስትሮል ጠጠር ብቻ ይሠራል፤ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ይወሰዳል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሹ ሰው ላይ ጠጠሩ ይመለሳል።

አንድ አባት “ልጄ፣ ሐሞቴ ወጥቶ ምን ወንድ እሆናለሁ?” ብለውኛል። ከልባቸው ነው። ቋንቋችን ነው ያስተማራቸው፤ ደፋሩን ሐሞተ ኮስታራ፣ ፈሪውን ሐሞተ ቢስ፣ የደነገጠውን ሐሞቱ ፈሰሰ እንላለን። እኔም የመለስኩላቸው በቋንቋችን ነው። ፈረስ የሐሞት ከረጢት የለውም። ሲፈጠር ጀምሮ የለውም። ታዲያ ጀግኖቻችን የተጠሩት በማን ስም ነው? ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ስም አይደለም? ግመልም የላትም፤ አፋር በረሃን ትሻገራለች። አባታችን በሳምንቱ ቀዶ ሕክምናቸውን አደረጉ።

የመጀመሪያውን የሐሞት ከረጢት ማውጣት የሠራው ጀርመናዊው ካርል ላንገንቡኽ ነው፤ በርሊን ውስጥ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1882 እ.ኤ.አ.። ታማሚው 16 ዓመት የተሠቃየ የ43 ዓመት ሰው ነበር፤ ዳነ። ከዚያ በፊት የነበሩ ሐኪሞች ጠጠሩን ብቻ ያወጡ ነበር፤ ላንገንቡኽ ግን ከረጢቷ መወገድ ያለባት ጠጠር ስለያዘች ሳይሆን ጠጠር ስለምትሠራ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሌላው ጀርመናዊ ኤሪክ ሙኸ በትንንሽ ቀዳዳ በመመልከቻ መሣሪያ አወጣው፤ ባልደረቦቹ መጀመሪያ አልተቀበሉትም። ዛሬ በካሜራ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ከዚያ የመጣ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራለት ሰው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ሆድ ተከፍቶ ከሆነ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አደጋ የለውም አልላችሁም፤ ከ1000 ቀዶ ሕክምና ከ3 እስከ 5 በሚሆኑት ዋናው ቱቦ ሊጎዳ ይችላል፤ ያም ከባድ ጉዳት ነው። ስለዚህ ቀዶ ሐኪማችሁን “ይህን ስንት ጊዜ ሠርተዋል?” ብላችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ። ጨዋነት ማጉደል አይደለም።

ከረጢቷ ከወጣች በኋላ ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይንጠባጠባል። አንዳንድ ሰው ለሳምንታት፣ ጥቂቱም ከዚያ በላይ ሆዱ ይላላበታል። አብዛኛው ግን ያሻውን ይበላል። ጠጠሩ ገና ውስጡ ያለና የሚያመው ሰው ቅቤውን ቢቀንስ ሕመሙ ይቀልለታል፤ ጠጠሩ ግን አይጠፋም። ጾም የምትጾሙ፣ ሲፈሰክ በትንሹ ጀምሩ፤ የ55 ቀን ዕረፍት የወሰደችን ከረጢት በአንድ ሌሊት ሙሉ ሥራ አታሸክሟት።

እናቴ አሁን 74 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ በፋሲካ ዶሮውን ራሷ ሠርታ ከእኛ ጋር በላች፤ እኔ እስኪነጋ አልተኛሁም፤ እርሷ ተኝታለች። እኔ ደግሞ ለባለቤቴ ነግሬዋለሁ፤ አንድ ቀን ሌሊት ሕመም ይዞኝ ብርድ ብርድ ካለኝ ወይም ዓይኔ ወደ ቢጫ ከዞረ፣ እኔ “ጨጓራ ነው” ብልም እንዳይሰማኝ፣ እንዳያነጋ።

ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አያለሁ። ቡናው ሲፈላ እዚያ ጥግ እቀመጣለሁ፤ አንድ በአንድ እናየዋለን። መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ግን ስለ ወረቀቱ አይደለም፤ መቼ እንዳመማችሁ፣ ምን በልታችሁ እንደነበርና ስንት ሰዓት እንደቆየ አስታውሳችሁ ኑ።